የጋሽ ሰዒድ በግ ሰክሮ

እዚህ ሐይቅ ከተማ አጥር የምንጋራቸው ጋሽ ሰዒድ ለአረፋ ያሰቡት በግ ነበራቸው። አንድ ረፋድ «ታደሰ! በጌ ሊሞትብኝ ነው!» ብለው ሲጣሩ ሮጥኩ። በጉ ትንሽ ይራመድና ይወድቃል፤ ተነስቶ ደግሞ ግድግዳውን ይወጋል። እኔ ቤት ለማኅበር ጠላ ተጠምቆ ነበርና ጋሽ ሰዒድ ገላመጡኝ። «አተላ አብልታችሁብኝ ነው! ወላሂ እኔ ግቢ መጠጥ ገብቶ አያውቅም!» አሉ። ያን ሁሉ ዘመን የኖርንበት ጉርብትና ሊፈርስ ነው ብዬ ደነገጥኩ።

ደግነቱ የጠራነው የእንስሳት ሐኪም ደረሰ። የበጉን አፍ አሸተተና ወደ ጋሽ ሰዒድ ማንጎ ዛፍ ሄደ። ከሥሩ ረግፈው የሰነበቱት ማንጎዎች ጠላ ጠላ ይሸታሉ። «የፍሬውን ስኳር እርሾ አብላልቶ አልኮል አድርጎታል። በጉ የሰከረው እዚሁ ነው፤ ይተኛበት» አለ።

እውነትም አመሻሹ ላይ በጉ ደህና ሆኖ ቆመ። ጋሽ ሰዒድ አንገታቸውን ደፍተው «አፉ በለኝ» አሉኝ። በማግስቱ የረገፈውን ማንጎ ሁሉ ለቅመው በጆንያ ከአጥሩ በላይ አቀበሉኝ።

«ምን ላድርገው ጋሼ?» አልኳቸው።

«እኔ ምን አውቄ! እናንተ ቤት ይፈቀዳል» ብለው ገቡ።