ዘንጉ የቆመበት ቦታ

ከሱዳኑ ጦርነት በፊት በነበረው ዓመት፣ አንድ ረቡዕ ጠዋት፣ ጋሽ ጥላዬ ሱቅ ዐረቢ ገበያ ቆመው ወደ ባሕሪ የሚሻገረውን ሃይስ ሚኒባስ ሲጠብቁ ደስታው እግራቸውን መሬት አላስረግጥ ብሏቸው ነበር። በማግስቱ ታናሽ ልጃቸው ሸህድ ትዳራለች። በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ረጅም ነገር እንደ ሕፃን ታቅፈው፣ በሌላው እጃቸው የወተት ዱቄት ጣሳ ይዘው፣ ላገኙት ሁሉ ፈገግ ይላሉ። ሠላሳ ዓመት ሎሪ ሲነዱ ጠበኛ ሹፌር ይባሉ የነበሩት ሰው እኚህ ናቸው ቢባል ማንም አያምንም።

«ያ ኻል፣ አጎቴ፣ ሰላም ነው? ምንድን ነው የያዙት?» የሚል ድምፅ ከኋላቸው ሰሙ።

ረያን ነበረች፤ የአገራቸው ሰው የወይዘሮ አበባ ልጅ። አባቷ ሱዳናዊ ነው። መካኒካል ምህንድስና ተምራ ባሕሪ ውስጥ በአንድ የብረታ ብረት ወርሻ ትሠራለች። አማርኛን ከእናቷ ስለ ለመደች ስትረጋጋ «እርስዎ» ትላለች፤ ስትደነግጥ ግን «አንተ» ያመልጣታል። ጋሽ ጥላዬ ይህን ስለሚያውቁ አይቀየሟትም።

«የሩቀያ አያት ነፍጥ ናት» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ሩቀያ ባለቤታቸው ናት። «ከአፏ የምትጎርስ፣ የድሮ። ነገ ሙሽሮቹ ሲገቡ እተኩሳታለሁ። ዐሪሱ፣ ሙሽራው ዋኢልም እንደ ወጉ ትከሻዬን ይዞ ከጎኔ ይቆማል። በታላቅ እህቷ በረሃፍ ሰርግ ጊዜም የተኮስኩት በዚህችው ነው፤ ይኸው ዐሥራ አንድ ዓመቱ።»

«ጣሳውስ?»

«ባሩድ ነዋ» ብለው ክዳኑን ገለጥ አደረጉላት።

ረያን አየችና ፊቷ ተለዋወጠ። ጣሳው ውስጥ ያለው ጥቁሩ የነፍጥ ባሩድ አልነበረም፤ አረንጓዴ የሚመስል፣ የሚያብለጨልጭ ቅንጣት ነው። «ይህ ከክላሽ ጥይት የተፈታ ነው። ከየት አመጣኸው?» አለች። ጋሽ ጥላዬ «አንተ» መባላቸውን ሲሰሙ ነገሩ ከበድ ያለ መሆኑን ጠረጠሩ።

ሃይሱ መጣ። ከሚያጨሰው ሹፌር ርቀው ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ክርክሩም ወደ ባሕሪ ከሚያሻግረው ድልድይ በፊት ተጀመረ።

«ባሩድ ባሩድ ነው፣ ልጄ።»

«ናፍጣና ቤንዚንም ሁለቱም ነዳጅ ናቸው። እርስዎ የሎሪዎ የናፍጣ ታንከር ውስጥ ቤንዚን ሞልተው ያውቃሉ?»

«አብጃለሁ እንዴ?»

«እንግዲያው ይህም ያው ነው፣ ወላሂ። የክላሽ ባሩድ የተሠራው ለክላሽ ብረት ነው። ጥቂቱ እንኳ ግፊቱ ለአሮጌ ነፍጥ ከአቅም በላይ ነው። ነፍጥ የሚችለው ለእሱ የተሠራውን ጥቁሩን ብቻ ነው፤ መደባለቅም አይሆንም።»

«ይሁን፣ ጥቁሩን እፈልጋለሁ። ልኩን ግን ለእኔ ተዪው። አባቴ ያስተማረኝ አለ። አረሩን መዳፍህ ላይ ታስቀምጥና እስኪሸፈን ባሩድ ታፈስበታለህ። ከዚያ ለሙሽራው አንድ ጭብጥ፣ ለአማቹ አንድ ጭብጥ ትጨምራለህ። ይህ የክብር ነው። ለሙሽራ ባሩድ የሚሰስት ሰው ምን ሰው ይባላል?»

«የማን መዳፍ ነው ልኩ?» አለች ረያን እጇን ከእጃቸው አጠገብ ዘርግታ። የእሷ የእሳቸውን ግማሽ አይሆንም። «መዳፍዎን ቢዘረጉት አንድ ልክ፣ ቢያጎደጉዱት ሌላ ልክ። እያንዳንዱ ነፍጥ አዋቂ የወሰነለት የራሱ ልክ አለው፤ የሚለካውም ሁልጊዜ በአንድ መስፈሪያ ነው። ክብር ብለው ሲጨምሩበት ብረቱ ክብር አያውቅም። ጎማ ከልኩ በላይ ነፋስ ሲሞላ ምን እንደሚሆን አይተው የለም?»

አይተዋል። ገዳሪፍ ላይ አንድ ጎማ ጠጋኝ ሦስት ጣቶቹን ሲያጣ አጠገቡ ቆመው ነበር። እልኸኛ ሰው ግን በአንድ ምሳሌ ተረታ አይባልም።

«ባለፈውም እንዲሁ ጢም አድርጌ ነው የተኮስኩት። ምን ሆነች? ምንም» አሉ።

«የላ፣ እንሂድ፤ ወርሻ እንውሰዳትና ኡስታ ዐወደላ ይያት። ደህና ናት ካለ ነገ እኔው ራሴ እልል እልልዎታለሁ» አለች።

ኡስታ ዐወደላ በወጣትነቱ የአዳኞችን ጠመንጃ ሲጠግን የኖረ የወርሻው አንጋፋ ባለሙያ ነው። ወርሻ ሲደርሱ ከሰላምታም በፊት አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት ግድግዳ አስዞረ። ቀጭን ዘንግ በነፍጡ አፍ ከጎን ሆኖ ቀስ አድርጎ ከተተ፤ ሲቆምበት አፉ ጋ በጠመኔ ምልክት አደረገ። ከዚያ አውጥቶ በውጭ በኩል በብረቱ ላይ አስተኛው። ዘንጉ እስከ ታችኛው ጫፍ መድረስ ሲገባው አንድ ስንዝር ቀርቶታል።

ጋሽ ጥላዬ ጠጋ ብለው ሊያዩ እጃቸውን ዘረጉ።

«ያ ኻል፣ አትንካው» አለች ረያን። «ነፍጡ ጎርሷል፤ ባሩድ ውስጡ አለ።»

«ማን አጎረሰው? ከግድግዳ ያወረድኩት ዛሬ ነው።»

«መጨረሻ የተተኮሰው መቼ ነው?»

«በረሃፍ ሰርግ አልኩሽ። ስድስት ሆነን ባንድ ላይ…» አሉ።

ስድስት ነፍጥ ባንዴ ሲጮህ የማን እንደ ጮኸ ማን ይለያል? ጋሽ ጥላዬ ቃታ ስበዋል፣ ጭስ አይተዋል፣ ሰውም ጀርባቸውን መታ መታ እያደረገ አወድሷቸዋል። «ትከሻዬን አልመታኝም ነበር» አሉ በቀስታ። «እኔ ደግሞ ጉብዝናዬ መስሎኝ…»

የተኮሰ ነፍጥ ትከሻ ይመታል፤ የእሳቸው ግን ከሽፎ ነበር። ዐሥራ አንድ ዓመት የኮሩበት ተኩስ ሳሎናቸው ውስጥ፣ የልጅ ልጆቻቸው ከሚተኙበት ፍራሽ በላይ ተሰቅሎ ኖሯል።

ኡስታ ዐወደላ ባሩዱን በውሃ በደንብ አርሶ፣ አረሩንም ባሩዱንም አወጣ። በጋዜጣ ላይ የተከመረውን ጥቁር ጭቃ አይቶ ራሱን ነቀነቀ፤ ከሚገባው ሦስት እጥፍ ነበር። ጋሽ ጥላዬ ሊጨምሩበት የነበረው የክላሹ ጣሳ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። እሳቸውም ቁጭ አሉ።

«ዋኢል ትከሻዬን ይዞ ነበር የሚቆመው» አሉ። «ልጄን በሰርጓ ቀን መበለት ላደርጋት ነበር። እኔን አባት ብሎ የሚጠራኝ ማን ይኖር ነበር?» ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ አልደበቁትም።

በማግስቱ የሰርጉ ግቢ በሰው ጢም አለ። የጋሽ ጥላዬ ነፍጥ ባዶዋን፣ ወልወል ተደርጋ፣ ቤት ቀርታለች። እሳቸው ግን አዲስ ጀለቢያቸውን ለብሰው የኡስታ ዐወደላን ዘንግ እንደ ጦር ይዘው በር ላይ ቆመዋል፤ ትናንት ስለ ተኩሱ የነበራቸው ጉጉት ሁሉ አሁን ወደ ዘንጉ ዞሯል። ነፍጥ ይዞ የመጣ እንግዳ ሳይለካ አያልፍም።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይሉ የነበሩት አባቶቻችን ናቸው» ይላሉ ለሚያጉረመርመው ሁሉ። «ጥቁሩን ባሩድ ብቻ፣ በመስፈሪያ፣ በነፍጡ ልክ። ከሁሉ በፊት ግን ዘንግ። እንዲህ ያደረገ ጣቱም ዓይኑም ይተርፍለታል፤ ልጆቹም ከግድግዳው ሥር በሰላም ይተኛሉ። ጠርጥረህ ከሆነ ደግሞ አትተኩስ፤ እልልታ ከሽፎ አያውቅም።» አጠገባቸው ከኡስታ ዐወደላ ጋር የቆመችው ረያን ትስቃለች።

የመጀመሪያው ነፍጥ ባዶ ነበር። ሁለተኛው የወዳጃቸው የካሣዬ ነው። ካሣዬ እየሳቀ አቀበላቸው፤ እሳቸውም ከጎን ሆነው ዘንጉን አስገቡ፣ ምልክት አደረጉ፣ አውጥተው በውጭ በኩል አስተኙት። አንድ ስንዝር ቀረው።

«እኔ እኮ አምና በወንድሜ ልጅ ሰርግ ከሌሎች ጋር ባንድ ላይ ተኩሼዋለሁ» አለ ካሣዬ።

ጋሽ ጥላዬ ነፍጡን ወደ ግድግዳው አዙረው ለኡስታ ዐወደላ ሰጡና እጃቸውን በወዳጃቸው ትከሻ ላይ አሳረፉ። «ሲተኮስ እዚህ ጋ መታህ?» ብለው ጠየቁት።

ካሣዬ ዓይኑን ወደ ትከሻው አዞረ።

«አልመታኝም» አለ።