ወይዘሮ ባይነሽ ደምመላሽ፦ ስማቸውን ያልጻፉ የእርሳስ ሠዓሊ

ነገር የተበላሸው በ2003 ዓ.ም. በግንቦት ልደታ ዕለት ነው። በዚያን ቀን ወይዘሮ ባይነሽ በገዛ እጃቸው የሣሉት ሥዕል በአንድ ዐውደ ርእይ ላይ በሌላ ሰው ስም ተሰቅሎ አዩ። ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ግን ዛሬ የምንሸኛቸው እኅቴ ማን እንደነበሩ በምስጋና ልናገር።

ወይዘሮ ባይነሽ ከአባታቸው ከአቶ ደምመላሽ ወልዴና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማሚቴ ሽብሩ በ1955 ዓ.ም. አማኑኤል ሰፈር ተወለዱ። የሥዕል ትምህርታቸውን በዲፕሎማ ካጠናቀቁ በኋላ መርካቶ ውስጥ የጽሕፈትና የሥዕል ዕቃ መሸጫ ከፈቱ። ወረቀት ከማውጣታቸው በፊት ደንበኛው ምን ሊስል እንዳሰበ ይጠይቁና፣ ሽፋሽፍትና የቆዳ መስመር ለሚስል ልሙጡንና ወፍራሙን፣ ጋቢና ድንጋይ ለሚስል ሸካራውን ይመርጡለት ነበር፤ ጠርዙን በላጲስ ሲፈትጉት ፀጉር የሚያወጣ ወረቀት ከሆነ ግን አይሸጡም። በጠንካራ እርሳስ በስሱ መጀመርን፣ ጥቁሩንና ለስላሳውን ለመጨረሻ ማቆየትን፣ ጫፉን በምላጭ አርዝሞ መቅረጽን፣ ከመዳፍ ሥር ንጹሕ ወረቀት ማንጠፍን፣ ጥላን በጣት አለማሸትን ያለ ስስት ያስተማሩን እርሳቸው ናቸው። ውዱን ብቻ ለሚጠይቅም፣ «የኔ ጌታ፣ ወረቀቱ ዐይን አይስልልህም!» እያሉ ያስቁት ነበር።

ከአቶ ኃይለየሱስ ተክሌ ጋር ጋብቻ መሥርተው ጸሎትንና ቅዱስን ወለዱ፤ እኔን ታናሽ ወንድማቸውን ኪዳነወልድንም እንደ ልጃቸው አሳድገው ለዩኒቨርሲቲ አበቁኝ። ዛሬ ቆሜ ማንበቤ የእርሳቸው ውለታ ነው።

የሰፈሩ ሐዘንተኛ የሟቹን ጉርድ ፎቶግራፍ ይዞ ሲመጣ፣ ለቀብር የሚያዘውን ትልቁን ምስል በነጻ ይስሉ ነበር። በሐዘን ሥዕል ላይ ከሟቹ ስም በቀር የሌላ ሰው ስም አይጻፍም ብለው ያምኑ ስለነበር አይፈርሙም፤ ይህ ልማድ አብሯቸው ቆየና በሕይወት ያለ ሰው ሲስሉም ፊርማ ተዉ።

በአንዋር መስጊድ አጠገብ ቅመም የሚነግዱትን ጎረቤታቸውን ወይዘሮ ሀጅራን ፊት ለፊት አስቀምጠው፣ የሻሻቸው ክር እስኪቆጠር ድረስ የሣሉት ሥዕልም ፊርማ አልነበረውም። የትምህርት ጓደኛቸው አቶ ማዕረግ ለዐውደ ርእይ ላቅርብልሽ ብለው ወሰዱት፤ የራሳቸውንም ስም ፈረሙበት። ወይዘሮ ሀጅራ ሄደው፣ «እኔ የተቀመጥኩት ባይነሽ ፊት ነው፤ ይኼን ሰውዬ የት አውቀዋለሁ?» ብለው ቢሟገቱ፣ አዘጋጆቹ ፊርማውን አሳይተው መለሷቸው። አቶ ማዕረግ በዚያ ሥዕል ተሸለሙ፤ ስመ ጥርም ሆኑ። እኔ ልክሰስ ስል እኅቴ፣ «ሰው ካየው ይበቃኛል፤ አንተም ተወው» ብለው ከለከሉኝ። እርሳቸው ተዉት፤ እኔ አልተውኩትም።

ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ትናንት ጠዋት በተወለዱ በስድሳ ሦስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ እኔ ወንድማቸውና እርሳስ አያያዝ ያስተማሯቸው ብዙዎች ቀርተናል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በደጋጎቹ እቅፍ ያኑርልን፤ እኛንም ያጽናን።

አቶ ማዕረግ፣ ለቀብር መጥተዋልና አመሰግናለሁ። ልጆቻቸው እዚህ ቆመዋል፤ ወይዘሮ ሀጅራም እዚህ አሉ። እኅቴ አፈር ሳይለብሱ ይመልሱልን፤ ያንን ሥዕል ማን ሣለው?