አማቼን ኢባዳን ላይ ከመሬት ያነሳሁት ለት

በእኛ ጊዜ፣ ልጆች፣ ኦክላንድ ተቀምጦ ልጁን ለሌላ አገር ሰው የሚድር ካለ፣ ወሬው ከቴሜስካል ሰፈር ተነስቶ ሳንሆዜ ሳይደርስ አያድርም ነበር። እኔን ግን ወሬ አያስፈራኝም። ልጄ ሰላም በዲቪ በመጣን ብዙም ሳይቆይ ሳኒቬል ቢሮ ሥራ ገባች፣ እና እዚያው ቱንዴን አገኘችው፣ የናይጄሪያ ሰው ነው፣ ዮሩባ፣ ኢንጂነር። "ማሚ፣ ሲሪየስ ነው" አለችኝ። "ሲሪየስ ከሆነ አባቱን ልይ" አልኳት። ታዲያ አባቱ አርጅተዋል፣ አውሮፕላን አይችሉም፣ ነገሩ እፊቴ በወጉ ካልተፈጸመ ደግሞ አልመርቅም ብለዋል። "እንሂዳ!" አልኩ። ቫኬሽኔን ወሰድኩና ሄድን።

የቱንዴ ከተማ ኢባዳን ስንገባ ምን አየሁ መሰላችሁ? ቆርቆሮ! ኮረብታው ላይ ቆርቆሮ፣ ሸለቆው ውስጥ ቆርቆሮ፣ ሁሉም ዝጎ ቡናማ ሆኗል፣ እና እንዲያው ያምራል። ሰላምታቸውንስ! እኛ ሰላምታ እናበዛለን ትላላችሁ? ምንም አላያችሁም! ሥራ ላይ ላለ ሰው የራሱ ሰላምታ አለው፣ ከገበያ ለተመለሰ አለው፣ ዝናብ ሲጥል አለው። እኔ በረንዳ ላይ ቁጭ ብያለሁ፣ አላፊ አግዳሚው "ኤ ኩ ኢጆኮ!" ይለኛል።

"ምን እያሉኝ ነው?" አልኩት ቱንዴን።

"ስለተቀመጡ ነው እማማ። እንኳን ተቀመጡ ነው የሚሉዎት።"

ቁጭ በማለቴ እንኳን የተባልኩት በዕድሜዬ ያኔ ብቻ ነው! በስሜም አይጠሩኝም፣ "ኢያ ሰላም" ነው የሚሉኝ፣ የሰላም እናት፣ ይሄስ የእኛው ነው። ምሳ ላይ ደግሞ አማላ የሚሉትን ጥቁር ገንፎ ከነወጡ አቀረቡልኝ፣ በእጅ ነው የሚበላው። የቱንዴ እህት "በርበሬው ያቃጥላል፣ ተጠንቀቂ" ስትለኝ፣ "እኔን? እኔ በበርበሬ ያደግኩ ነኝ!" ብዬ ጎረስኩ፣ ታዲያ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ቤቱ ሁሉ ሳቀብኝ፣ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ግን ጨረስኩት፣ ልብ በሉ!

ታዲያ ቀኑ ደረሰ። የሙሽራዋ ቤት ይሁን ብለው የአክስቱን ግቢ ለእኛ ሰጡን። ዘመዱ ሁሉ አንድ ዓይነት ሰማያዊ ጨርቅ አሰፍቷል፣ የሴቶቹ ጥምጣም በበር አያስገባም፣ እኔንም ጠመጠሙኝና ከፊት ወንበር ላይ ጉብ አልኩ። ከበሮው ይመታል፣ አጋፋሪዋ ሴት ናት፣ ትቀልዳለች፣ ታስቃለች። ቱንዴ ያንን ሰፊ ነጭ ልብሱን ለብሶ ከጓደኞቹ ጋር ገባ፣ እና እግሬ ሥር በሆዱ ዝርግት! ያን የሚያህል ሰው! ግንባሩ መሬት ነክቶ!

እኔ ደግሞ እንዴት ነው ያደግኩት? ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ያለን ሰው ሳይደርስ ነው ቀና የማደርገው። ብድግ አልኩና ክንዱን ይዤ፣ "ኧረ በሞቴ! ኧረ አይገባም! ኧረ ተነስ ልጄ!" እያልኩ ጎትቼ አቆምኩት።

ከበሮው ቀጥ አለ። አጋፋሪዋ አፏን ይዛ ቀረች። የቱንዴ አባት ፊታቸው ጠቆረ፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ሊነሱ ሆኑ። ሰላም ከጓዳ እየሮጠች መጣች።

"ማሚ! ምን አደረግሽ? እስክትመርቂው እኮ እዚያው ነው የሚተኛው! ሳትመርቂ ስታነሺው ልጄን አልሰጥም ያልሽ መሰላቸው!"

ልቤ ድንግጥ አለ፣ አልዋሻችሁም። ያንን ሁሉ አገር አቋርጬ የልጄን ትዳር በገዛ እጄ ላፈርሰው ነው? ግን ድንጋጤ እኔ ዘንድ አይቆይም። ወደ አባትየው ዞርኩ።

"አባታችን፣ በእኛ አገር የወደዱትን ሰው መሬት ላይ አይተዉም። ያነሳሁት ስለወደድኩት ነው። አሁን በእናንተ ወግ ይሁን" አልኩ፣ ሰላም በእንግሊዝኛ ነገረቻቸው። እኔ ወደ ቱንዴ ዞርኩ።

"ተኛ!"

"እማማ?"

"ተኛ አልኩህ! ተነስ ስልህ ብቻ ነው የምትነሳው!"

ተዘረጋ። እና መረቅኩ፣ ልጆች! እጄን ጭንቅላቱ ላይ ጭኜ፣ "ውለዱ ክበዱ፣ እንደ አብርሃም እንደ ሳራ ያድርጋችሁ፣ ክፉ አይይህ፣ የእጅህን ሥራ ይባርክልህ" እያልኩ፣ በአማርኛ ነው፣ አንድ ቃል አይገባቸውም፣ ግን ትንፋሼን በሰበሰብኩ ቁጥር ግቢው ሁሉ "አሚን!" ይላል። አሚን ሲሉኝ እኔ እጨምራለሁ፣ ስጨምር አሚን ይላሉ። አባትየው ተመልሰው ተቀመጡ፣ ከዘራቸውን መሬት እየመቱ "አሚን!" አሉ፣ እና ያኔ አለቀስኩ። ልጄን የዳርኳት ያኔ ነው።

እኛ ክብር ሲሰጡን አይገባም ብሎ መሸሽ ነው የተማርነው። እነሱ ደግሞ ክብሩን ቁጭ ብለሽ ተቀበዪ፣ ከዚያ ምርቃቱን ክፈዪ ይላሉ። የእኛም ደግ ነው፣ በዚህ ግን እነሱ ይበልጡናል፣ እኔ አልከራከርም።

ዛሬ ቱንዴ ሸብቷል፣ ወገቡንም ያመዋል፣ ግን ቤቴ በገባ ቁጥር ያው ምንጣፌ ላይ ዝርግት ነው። ሰላም ጫማዋን እያወለቀች "ማሚ ኢናፍ ነው፣ በናትሽ አስነሺው!" ትለኛለች። እሱ ቀና እንኳ ሳይል፣ በዚያች ትንሽ አማርኛው፣ "እማማ፣ ገና ነው፣ ይጨምሩ!"