ሐይቁ የዋጠው ግቢ

ከመራዊ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚሄደው ሚኒባስ፣ አንድ ዓሣ አስጋሪ ወጣት አጠገቡ ለተቀመጡ የማያውቃቸው አሮጊት ያማርራል።

«ቆጋ ሐይቅ ውስጥ አንድ የድንጋይ ካብ አለ፤ መረቤን እየያዘ ጨረሰብኝ።»

«ከጉብታው ሥር፣ ክብ ሆኖ የሚዞረው?»

«አዎ! እንዴት አወቁት?»

«የግቢዬ አጥር ነዋ! ባለቤቴ እጁ እስኪላጥ የካበው። ግድቡ ሲሠራ እኛ ተነሣን፤ ካቡ ቀረ።»

«ይቅርታ እማማ፣ አላወቅሁም።»

«ማጥመዱንስ አጥምድ። ግን ስትደርስ ‹ቤቶች!› ብለህ ተጣራ። በሰው ግቢ ዝም ተብሎ ይገባል?»

«በዚያ ሁሉ ውኃ ማን ይሰማኛል?»

«ካቡ ይሰማሃል። ሳትጣራ ስለገባህ አይደል መረብህን የያዘው?»

ከኋላቸው የተቀመጥሁት እኔ፣ ሳላስፈቅድ በአሮጊቷ ወንበር ሥር የዘረጋሁትን እግሬን ቀስ ብዬ ሰበሰብሁ።