ሕዋሳቱን ሳያበሉ ቁርስ የማይቀምሱት ዶክተር አርዲስ ሃውገን

ዶክተር አርዲስ ሃውገን ከአባታቸው ከአቶ ኤልመር ስቬንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቨርና በ1963 ዓ.ም. በዊስኮንሲን ገጠር፣ ከሰው ላም በሚበዛበት መንደር ተወለዱ። በዓል ነው ብላ ወተቷን የምታዘገይ ላም እንደሌለች ገና በልጅነታቸው ስለተረዱ፣ በሥነ ሕይወት ዶክትሬታቸውን ይዘው ሥራ ሲጀምሩ ከባልደረቦቻቸው ሁሉ ይበልጥ ዝግጁ ነበሩ።

ሥራቸው ከሰው ፅንስ ግንደ ሕዋስ፣ ማለትም ወደ ማንኛውም የሰውነት ክፍል ሊለወጥ የሚችል ሕዋስ፣ አውጥቶ ማሳደግ ነበር። በሕክምና ልጅ ያገኙ ባልና ሚስቶች የተረፋቸውን፣ ሊወገድ የነበረውን የአምስት ቀን ፅንስ በፈቃዳቸው ሲሰጧቸው፣ ከውስጡ ጥቂት ሕዋሳት በማይክሮስኮፕ እያዩ ለይተው፣ የአይጥ ሕዋስ በተነጠፈበት ሳህን ላይ ያኖሯቸዋል። እነዚህ ሕዋሳት በየቀኑ ምግባቸው ካልተለወጠላቸው ወይ ይሞታሉ፣ ወይ ማንንም ሳያስፈቅዱ ነርቭና ልብ መሆን ይጀምራሉ። ሥራውን ያልወደዱ በዚህ ቤተ ክርስቲያን ነበሩ፤ እሳቸው ግን ማንንም ሳይቀየሙ፣ “የሰው አደራ እንዳላባክን ጸልዩልኝ” ይሉ ነበር።

በሠርጋቸው ዕለት ሙሽሪት ሕዋሳቱን አብልተው፣ ቬሏቸውን በመኪና ውስጥ እያሰሩ ዘግይተው ደረሱ። እንግዳው ሲያጉረመርም ሙሽራው፣ ላም አርቢው አቶ ዴልበርት ሃውገን፣ “ተዉአት፤ እኔስ አልቤ አይደል የመጣሁት?” አሉ። ትዳሩም በዚህች ቃል ጸና።

በዚያ ዘመን የመንግሥት ገንዘብ ይህን ሥራ እንዳይነካ ተከልክሎ ስለነበር፣ የዶክተር አርዲስ ክፍል ከወንበሩ እስከ እርሳሱ በለጋሾች ገንዘብ የተገዛ ነበር። አንድ እሑድ ጠዋት የበረዶ ውሽንፍር መብራት አጠፋ። የሕንፃው ጀነሬተር ደግሞ የመንግሥት ነው። ከስንት ሙከራ በኋላ ያደገላቸው፣ ምትክ የሌለው የመጀመሪያው የሕዋስ ዘር በማሞቂያው ሳጥን ውስጥ ይቀዘቅዝ ጀመር። የጎረቤት ክፍል ተመራማሪው ዶክተር ዋልት ከጀነሬተሩ የተሳበ የመብራት ገመድ ይዘው መጡ።

“ሰኪው እንጂ አርዲስ! ማን ያይሻል?”

“የመንግሥት መብራት ከነካቸው ማንም አይሠራባቸውም። የሰዎቹ ስጦታ ሜዳ ላይ ቀረ ማለት ነው።”

“አሁንስ እየሞቱ አይደል?”

“ባክህ አትጨቅጭቀኝ፤ ለዴልበርት ደውልልኝ!”

አቶ ዴልበርት የበረቱን ጀነሬተር እበቱ ሳይጠረግ በትራክተር ጎትተው ደረሱ። ዘበኛው ሲከለክላቸው፣ “በወተት የተገዛ ነው ጌታዬ፤ የመንግሥት አንዲት ጠብታ የለችበትም” ብለው ገመዱን በመስኮት አስገቡ፤ ሕዋሳቱም ዳኑ።

ከዚህ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ያለው በረታቸው ግን ያለ መብራት ቀረ፤ የማለቢያው መኪናም ቆመ። ያልታለቡት ላሞች ጩኸት ዝማሬውን ስለዋጠው፣ ቄሱ ስብከታቸውን አቋርጠው ምእመኑን ሁሉ ወደ በረት ሰደዱ። ሥራውን የሚቃወሙት ሳይቀሩ በክት ልብሳቸው በእጃቸው አለቡ። ዶክተር አርዲስም ከዚያ ወዲያ፣ “እናንተም እኮ እጃችሁ አለበት” እያሉ ያስቁን ነበር።

ልጆቻቸውን ሊኔትንና ካርልን ወልደው አሳደጉ። በቆሽት ካንሰር ታመው ሲተኙም ጠያቂ በገባ ቁጥር ቀድመው የሚጠይቁት፣ “ዛሬ ማን አበላቸው?” ብለው ነበር። ባለፈው ሐሙስ፣ “በልተዋል” የሚለውን መልስ ሰምተው ዐረፉ።

ዶክተር አርዲስ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ተቆጥሮ የማያልቅ የሕዋስ ዘርና ተማሪያቸውን ማይ ሾንግን ትተውልን ሄደዋል። ማይ ከጸሎቱ በፊት ተነሥታ ብትወጣ ማንም አይቀየማት፤ የሕዋሳቱ የምግብ ሰዓት ደርሷል።

አምላክ ሆይ፣ ለነፍሳቸው ዕረፍት ስጣቸው፤ ዕረፍት ምን እንደሆነ ግን አስቀድመህ አስረዳቸው።