ስሙ የተሸፈነ ንድፍ

አምና ክረምት ከዲጋ ወደ ነቀምቴ ስመለስ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ጎማው ፈነዳና ወንዝ ዳር ወረድን። እዚያ የማውቃቸውን ኦቦ ጋሩማን አገኘኋቸው፤ የእግረኛ ድልድይ አሠሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። የወንድማቸው ልጅ ኢንጂነር ሶረቲ አጠገባቸው ቆማ ጎርፍ የወሰደውን ድልድይ ፍርስራሽ ታያለች።

«አካም ጅርቱ፣ መምህር!» ብለው ሰላም አሉኝ። «እስቲ ይፍረዱን። አዲሱን ድልድይ የሚነድፍልን ድርጅት በንድፍ ውድድር ይመረጥ ብላ ይህች ልጅ እንቅልፍ ነሳችን። እኛ ግን የምናውቀው ሰው አለን፤ ወዳጄ ጂሩ።»

«ወሲላ፣» አለች ሶረቲ፣ አጎቷን በአገሩ አጠራር፣ «ይህንንስ የነደፈው ማን ሆነና?»

«እሱው ነው። ጎርፉ ግን የእግዚአብሔር ነው!»

«ጎርፉ የእግዚአብሔር ነው፤ ዓምዱን ወንዙ መሐል የተከለው ግን ጂሩ ነው።»

በዚህ መሐል ጎረምሶች ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ተሸክመው ማዶ ደረሱ። ውሃውን አይተው ቆሙ፤ ከዚያ በረጅሙ መንገድ ሊዞሩ ተመለሱ። እናቲቱ ተርፋ ሕፃኑ እንዳልተረፈ ኋላ ሰማን።

«አያችሁ?» አሉ ኦቦ ጋሩማ። «ለዚህ ነው መፍጠን ያለብን! ውድድር ጊዜ ይበላል።»

ትዕግሥቴ አለቀ። ሰው በፈረሰ ሥራው ላይ ቆሞ ያንኑ መድገምን ፍጥነት ሲለው ምን ይባላል?

«የቸኮላችሁበት ድልድይ የታለ?» አልኳቸው።

እሳቸው ግን እጅ አልሰጡም። «ውድድርስ ቢሆን ዳኛው ዘመዱን ይመርጥ የለ?»

«ዘመዱ የትኛው እንደሆነ ካላወቀስ?» አለች ሶረቲ። «ንድፉ በቁጥር ብቻ ይገባል፤ ስሙ በታሸገ ፖስታ ይቆያል። መመዘኛው አስቀድሞ ይለጠፋል። ዳኞቹ ከሌላ ከተማ የሚመጡ መሐንዲሶችና የወንዙ ተሻጋሪዎች ይሁኑ። ለመጨረሻው ዙር የደረሱት የድካማቸው ይከፈላቸው፤ ያኔ ትንሹም የንድፍ ቢሮ ለመወዳደር ይደፍራል። እርስዎም ከዳኞቹ አንዱ ይሁኑ።»

«እሺ! ጂሩ እንደሆነ ማሸነፉ አይቀርም» አሉ፣ ተበሳጭተው።

ውድድሩ ነቀምቴ ተካሄደ። ኦቦ ጋሩማ ሞዴሎቹን እየዞሩ አዩ። አንዱ ጋ ሲደርሱ ጮኹ፦ «ይኼ ደግሞ ምን ነካው? ዓምዱን እንደገና ውሃ ውስጥ!» መሐንዲሶቹም ተስማሙ። ያሸነፈው ንድፍ ወንዙ ከሚጠብበት ቦታ፣ ከቋጥኝ ወደ ቋጥኝ፣ ያለ መሐል ዓምድ የሚሻገር ነበር። ፖስታው ሲከፈት አሸናፊዎቹ ወይንሸትና ኬኔ የሚባሉ፣ ኮሚቴው ስማቸውን ሰምቶ የማያውቅ ወጣት መሐንዲሶች ሆኑ። ያ የተጣለው የጂሩ ነበር። ኦቦ ጋሩማ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

ድልድዩ ዘንድሮ ክረምቱን ችሎ ቆመ። የማዶ ልጆች ትምህርት አላቋረጡም፤ ነፍሰ ጡሮች በጊዜ ሐኪም ዘንድ ይደርሳሉ። የተሸነፉትም የተሸነፉበትን ምክንያት በጽሑፍ ስላገኙ ሐሜት አልተነሣም። የአርጆ ወረዳ ሰዎች ሳይቀሩ ዘዴውን ሊጠይቁ መጡ።

ጂሩ ግን ደውሎ ኦቦ ጋሩማን ወቀሳቸው። «ወዳጅነታችንን ረሱት?» አላቸው፤ አጠገባቸው ነበርኩ።

«አልረሳሁም፣ ጂሩ» አሉት ኦቦ ጋሩማ። «በፊት አንተን ነበር የማየው፤ አሁን ሥራህን አየሁት።»