ቅቤ የነካው ጢም

ከሮቤ ወደ ጎባ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ፣ ከኋላዬ የተቀመጠች ወጣት አጠገቧ ያሉትን እናት ታዋራለች።

«እማማ ዘይነባ፣ ትናንት በቴሌቪዥን አየሁዎት! ስለ ድሆች በተሠራው ፊልም ላይ።»

«አዲሱን ቀሚሴን አየሽልኝ? የተቀደደ ይልበሱልን ቢሉኝ፣ እንግዳ በቡቱቶ አልቀበልም አልኳቸው።»

«እሺ አሉ?»

«ምን ያድርጉ! ደግሞ ጩኮ ሳትቀምሱ ቀረጻ የለም አልኩ። የገብሱን ዱቄት በቅቤ ለውሼ ባቀርብላቸው ሙልጭ አድርገው በሉ።»

«ለካ ለዚህ ነው! ጋዜጠኛው ‹እኚህ እናት የሚላስ የሚቀመስ የላቸውም› ሲል፣ ጢሙ በቅቤ ያብረቀርቅ ነበር።»

«ታየ?»

«ሰፈሩ በሙሉ ነው ያየው! በሳቅ ሞትን።»

«አልሐምዱሊላህ! ሊናገር ሲል አይቼው ነበር እኮ። ጥረግ ልለው አሰብኩና፣ ተውኩት።»

ቁርስ እንኳ ሳልቀምስ የወጣሁት እኔ፣ ሳላስበው አፌን ጠረግሁ።